ሃያ እርምጃ ከኋላ

ማቲዎስ ስድስት ሰዓት ሲሆን የሌንስ መቁረጫውን ያጠፋል፣ ሽርጡን ያወልቃል፣ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ጥፋቱ ይኸው ነው። ገደለ አልተባለ፣ ሰረቀ አልተባለ፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጤነኛ ወንድ ሆኖ ሳለ በጠራራ ፀሐይ ሥራውን አቁሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስቲ አራዳ መሐል ይህን አድርጋችሁ በሰላም ኑሩና አሳዩኝ!

ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የመነጽር ቤት ባለቤት አቶ አብዱልሃኪም ክፉ ሰው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ማቲዎስ «እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ልሥራ፣ ደሞዜም በዚያው ልክ ይቀነስ» ብሎ ሲለምነው ምክንያቱን እንኳ አጥብቆ ሳይጠይቅ ፈቅዶለታል። ግን አፉ አያርፍም። ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እያየ፣ «ግማሽ! ልትሄድ ነው?» ይለዋል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ። ደንበኛውም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ይስቃል። ስሙ በዚያው ግማሽ ሆኖ ቀረ። ማቲዎስም አብሯቸው ይስቃል፤ ምን ያድርግ? ሰዓቱ እየሄደበት ነዋ።

እውነቱን ልንገራችሁና ይለይልን። የሚስቱ የጽዮን አባት ጋሽ ዓምደሚካኤል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ከቸርችል እስከ ውቤ በረሃ፣ ከዚያም እስከ ዶሮ ማነቂያ፣ እግራቸው ያልረገጠው ግቢ የለም። የቆርቆሮውን በር በእስክሪብቶ ጫፍ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉና «ቆጣሪ! ውሻ እሰሩ!» ይላሉ። ድምፃቸውን የማያውቅ ቤት አልነበረም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አእምሯቸው ቀስ በቀስ ከዳቸው። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ቀጥሎ የልጃቸው ባል። ሁሉም ነገር ከጭንቅላታቸው ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ አልወጣም፤ ሥራቸው።

ጠዋት የሚውጡት ኪኒን እስከ እኩለ ቀን ያስተኛቸዋል። ሰባት ሰዓት ሲሆን ይነሣሉ፣ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ የቆዳ ቦርሳቸውን ያነግታሉ፣ ቆጣሪ ሊያነቡ ይወጣሉ። አንድ ቀን በር ተዘጋባቸው። ግንባራቸው እስኪደማ በሩን በጭንቅላታቸው ሲመቱት ዋሉ። ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ጥለው ሄዱ። እጃቸውን ይዞ አብሮ መሄድም አይሆንም። ማቲዎስ አንዴ ቸርችል ላይ ክንዳቸውን ያዝ ቢያደርግ «ሌባ!» ብለው አመለጡትና ሚኒባስ ፊት ገቡ። ሾፌሩ እንዴት ፍሬን እንደያዘ እግዜር ይወቀው። ሰው እየሮጠ ከመጣባቸው ወይም ስማቸውን ከጮኸባቸው እግሬ አውጪኝ ነው፤ ከፊታቸው መኪና ይሁን ገደል አያዩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማቲዎስ ለራሱ ደንብ አወጣ፤ ሃያ እርምጃ ከኋላ። ከዚያ አይቀርብም፣ ከዚያም አይርቅም። መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ከጀርባቸው ሆኖ ለሾፌሮች በእጁ ምልክት ይሰጣል። የትኛው ግቢ የሚናከስ ውሻ እንዳለ፣ የትኛው ደረጃ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ጉድጓድ ክዳኑ እንደተሰረቀ አንድ በአንድ ያውቃል። አሥር ሰዓት ላይ ሲደክማቸው በሌላ ቅያስ ዞሮ ይቀድማቸውና የገዛ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የኛን ቆጣሪ ሳያነቡልን ሊያልፉ ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም «በሥርዓት ክፈታ!» ብለው ይገባሉ፣ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ውኃ ቀርቦላቸው አረፍ ሲሉ መውጣት እንዳለባቸው ይረሱታል። ይህን ሥራ ለማቲዎስ ያስተማረው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእግሩ የተማረው ነው።

ጽዮን «እኔ ሥራዬን ልተው» ብላ ነበር። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ቤቱን የሚያቆመው የእሷ ደሞዝ ነው፤ ሥራዋንም ትወደዋለች። «አንቺ ምን በወጣሽ! እኔ ግማሽ ቀን እሠራለሁ» ያላት እሱ ነው። ያኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን አንድ ነገር አስማለችው፤ የአባቷን ሕመም ለማንም ላይናገር።

«እብድ አታስብልብኝ ማቲ። ይሄን ሁሉ ዘመን ተከብሮ የኖረበት ሰፈር ነው። አንድ ሰው ካወቀ ሁሉም ያውቃል።»

ማቲዎስም ማለ። ለሚጠይቅ ሁሉ «ሐኪም በእግር ይሂዱ ብሏቸው ነው» የሚል መልስ ተዘጋጀ። የሚገርመው ሰውም አመነ! ሽማግሌው ሰላምታቸው አልተበላሸ፣ ቆባቸውን አንሥተው እጅ ይነሣሉ፣ ቦርሳ አንግተዋል። በር ሲያንኳኩ «ጋሽ ዓምዴ፣ ጡረታም አላረፉ?» ተብሎ በፍቅር ይሳቅና ቆጣሪው ይታይላቸዋል። ቦርሳ ያነገተ ሰው ጤነኛ ነው፣ አለቀ። ሃያ እርምጃ ከኋላ ባዶ እጁን የሚሄደው ወንድ ነው ሰውን የከነከነው። ሲቆሙ ይቆማል። ሲዞሩ ግንብ ተከልሎ ይጠፋል። ጥግ ይዞ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። አይ ማቲዎስ! ከሩቅ ላየው ሰው ምን ይመስል እንደነበር ቢያውቅ ኖሮ!

የግቢው የውኃ ቦኖ ዘንድ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አዳነች ነገሩን አነሡት። አፋቸው ጣፋጭ ነው፣ ለወሬ የተፈጠረ። መጀመሪያ «ሚስቱ ናት የምታበላው» አሉ። ይሄ ቀላሉ ነው። ቀጥሎ «ግማሽ ቀን የሚሠራ ወንድ ሌላውን ግማሽ ምን ይሠራል? ጆሮ ጠቢ ነው» ተባለ። ከእንግዲህ እሱ ሲያልፍ ጨዋታ ይቆማል፣ ባልዲ ይነሣል። ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምርና ከታች ያሉት ቤቶች በቆርቆሮ ሲታጠሩ ደግሞ ሦስተኛው መጣ። ይሄኛው የከፋ ነው። «ለተነሺ ምትክ ቤት ሊሰጥ ነው አሉ። ይሄ ሰው ሽማግሌውን ለምን ጥላ ሆኖ ይከተላቸዋል? ወድቀው ይሙቱና ቤቱ ለእኔ ይቅር ብሎ ነው እንጂ!»

በቃ፣ ማቲዎስ ሰው ጥርስ ውስጥ ገባ።

ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያወርደው ጥግ ላይ ሲሞን የሚባል ጎሚስታ አለ። ትከሻው ሰፊ፣ ልቡም ሰፊ የሆነ ሰው ነው። የሰፈር አዛውንት ሲያልፉ የያዘውን ጎማ ጥሎ የሚነሣ፣ እድር ላይ ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚገኝ። ከልቡ ይወዳቸዋል ጋሽ ዓምደሚካኤልን። ልጅ ሳለ እናቱ ቤት መጥተው ቆጣሪ ሲያነቡ ከረሜላ ይሰጡት ነበር። ለዚህም ነው ወሬው ሲደርሰው ደሙ የፈላው።

ሰኞ ዕለት ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ሲሞን ጎማ ማውለቂያውን ብረት እንደያዘ መንገዱ ላይ ቆመ።

«ፍሬንድ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ታች ነኝ» አለ ማቲዎስ፣ ዓይኑ ከሲሞን ትከሻ በላይ እየሄዱ ባሉት ሽማግሌ ላይ ነው። ሃያ አምስት እርምጃ ሆኑ። ሠላሳ።

«ወደ ታች ምን አለህ?»

«ወንድሜ፣ አሳልፈኝ እባክህ። ቸኩያለሁ።»

«ሥራ የሌለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል?» ሲሞን ሳቀ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ነቄ ብለንሃል። አንድ ነገር ቢሆኑ ከአንተ ራስ አንወርድም። አቦ፣ ላሽ በል!»

ማቲዎስ አለፈው። የሄደው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል፣ መሮጥም አይችልም፤ ሽማግሌው ዞር ካሉ አለቀለት። ማክሰኞ ውቤ በረሃ ላይ አንድ የማያውቀው ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው፣ ሳይደብቅ፣ ፊት ለፊት። ረቡዕ ሲመለስ የቤታቸው በር ላይ በከሰል «የአንተ ቀን ደርሷል» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ጽሑፉን ቀና ብለው አነበቡት፣ ደብተራቸውን አወጡ፣ ቀኑን ጽፈው ገቡ።

ጽዮን ከሥራ ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እርጥብ ጨርቅ ይዛ በሩን ትፈትግ ጀመር። ከሰሉ ተስፋፋ እንጂ አልጠፋም።

«ልንገራቸው» አለ ማቲዎስ። «ለሲሞን ብቻ። እሱ ከተረዳ ሌላውን እሱ ራሱ ዝም ያሰኛል።»

«ሲሞን ለማን እንደሚነግር አታውቅም?»

«ጽዮን፣ ፈርቻለሁ። ለራሴ አይደለም። ነገ ቢያቆሙኝስ? አባባ ብቻቸውን ቢሄዱስ? ታች ያለው አጥር ውስጥ የተቆፈረውን አይተሽዋል?»

ጨርቁን ጨመቀችው። ጥቁር ውኃ እግሯ ላይ ወረደ። «አንድ ሳምንት ስጠኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሌላ ሐኪም ላሳየው። ከዚያ አብረን እንነግራቸዋለን። ሰው ሲስቅበት ማየት አልችልም ማቲ። በእናትህ።»

እሺ አላት። ምን ጊዜም እሺ ይላታል። ያቺን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ሐሙስ ሰኔ ዝናቡን ጀመረ። ማቲዎስ መነጽር ቤት አንድ ሌንስ ሰበረ፣ አቶ አብዱልሃኪምም «ግማሽ፣ ዛሬ ግማሽህም አልመጣም እንዴ?» አለው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ዓምደሚካኤል ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ጃንጥላ ቢሰጣቸው ለሚቀጥለው ቤት ሰው ሰጥተውት ሄዱ። ወትሮ ወደ ላይ፣ ወደ ፒያሳ ነበር የሚጀምሩት። ዛሬ ያለ ወትሯቸው ወደ ታች ታጠፉ።

ከሲሞን ጎሚስታ በታች መንደሩ የለም። ባለፈው ዓመት የነበሩት ቤቶች ፈርሰዋል፣ በቆርቆሮ ታጥረዋል፣ ውስጡ ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሯል። ከአጥሩ አንዷ ቆርቆሮ ተገንጥላ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ሆናለች። ለሽማግሌው ግን ሁሉም ቤት በቦታው አለ። የእነ እገሌ ቤት፣ የጠጅ ቤቷ ሴትዮ ቤት፣ የባቡር ሠራተኛው ቤት። የሁሉም ቆጣሪ ይጠብቃቸዋል።

ሲሞን እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ እጅ ነሣቸው። «ጋሽ ዓምዴ! በዚህ ዝናብ!»

«ሥራ ነው ልጄ፣ ዝናብ ምን ያውቃል?» አሉት እየሳቁ፣ አለፉ።

ማቲዎስ ጥጉን ሲዞር አምስት ሰዎች ጠበቁት። ሲሞን፣ የታክሲ ረዳት፣ ሁለት ጫኝና አውራጅ፣ ፎቶ ያነሣው ጎረምሳ። አንዱ ከኋላ ኮሌታውን ያዘ። ሌላው እጁን ጠምዝዞ ከግንቡ ጋር አጣበቀው።

«ልቀቁኝ! በማርያም ልቀቁኝ! ወደ አጥሩ እየሄዱ ነው!»

«እኛም ያየነው እሱን ነው» አለ ሲሞን። «ባዶ ቦታ እስኪደርሱ ነበር የጠበቅከው፣ አይደል?» ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ተጣራ። «ጋሽ ዓምዴ! አንዴ ይቅርታ! ይሄ ሰው ከኋላዎ ይምጣ?»

ሽማግሌው ቆሙ። ዞሩ። ዝናቡ ከቆባቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ማቲዎስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ሁለት ዓመት ያጎረሳቸውን፣ ጥፍራቸውን የቆረጠላቸውን፣ ጫማቸውን ያሰረላቸውን ሰው።

«አላውቀውም» አሉ። «ግን በየሄድኩበት አየዋለሁ። ይከተለኛል።» ሰዎቹ አማቻቸውን ተቀይመው የካዱት መሰላቸው።

ቆባቸውን አንሥተው ተሰናበቱና ወደ ቆርቆሮው አጥር ሄዱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ማቲዎስ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥረው ይኖራል። መሐላውን እዚያው ግንቡ ሥር አፈረሰ። «ታመዋል! አእምሯቸውን ያማቸዋል! አማቴ ናቸው፣ እኔ ነኝ የምጠብቃቸው! ለዚህ ነው ግማሽ ቀን የምሠራው!» ብሎ ጮኸ። በአንድ እስትንፋስ ሁሉንም ተናገረ። ማን ይስማው?

«ጭራሽ እብድ አላቸው!» አለ ረዳቱ።

«ከኔና ከአንተ ይሻላሉ እኮ! አሁን ሲያናግሩን አላየህም?» አለ ጎረምሳው።

ሰው ተሰበሰበ። አሥር ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ወይዘሮ አዳነችም ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። «ግማሽ ቀን የሚሠራው ሽማግሌ ለመጠበቅ ነው? ወንድ ልጅ? እስቲ ይሄን የሚያምን ማነው?» ሲሉ ከተሰበሰበው ግማሹ ሳቀ። ማቲዎስ በሰው ጭንቅላት መሐል አሻግሮ አየ። የሽማግሌው ጀርባ በክፍተቷ ሾልኮ ገባ።

«ልጃቸው ጋ ደውሉ! ጽዮን ጋ ደውሉ! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው!»

ሲሞን እዚህ ላይ ትንሽ አመነታ። ስልኩን ከማቲዎስ ኪስ አወጣ፣ ቁጥሯን አየና በራሱ ስልክ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም እንዲሰማ ያዘው። ጠራ። ጠራ። ተነሣ።

«ሄሎ፣ የጋሽ ዓምደሚካኤል ልጅ ነሽ? ከሰፈር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አባትሽ ታመዋል እንዴ? አእምሯቸውን ያማቸዋል?»

ከኋላዋ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫጫታ ይሰማል።

«ኧረ በስመአብ!» አለች ጽዮን። «ማነው እንደሱ ያለው? አባቴ ደህና ነው። ጤነኛ ነው። ማን ልበል?»

ሁለት ዓመት ስትለው የኖረችው መልስ ነው። ሳታስበው ወጣ። ሲሞን ስልኩን ዝቅ አድርጎ ማቲዎስን አየው፣ በዓይኑ ውስጥ የነበረችው ትንሽ ጥርጣሬ ጠፋች፣ በጥፊ አጮለው። ጆሮው ጭው አለ።

«ጽዮን!» ብሎ ጮኸ ማቲዎስ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። «እኔ ነኝ! ይዘውኛል! አባባ ብቻቸውን አጥሩ ውስጥ ገብተዋል! ንገሪያቸው!»

ከስልኩ የተሰማው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር።

«ታሟል! ታሟል! ሁለት ዓመቱ ነው! ውሸቴን ነው! በእናታችሁ ልቀቁት፣ እሱ ነው የሚጠብቀው፣ ከእሱ በቀር የሚጠብቀው የለም!»

ኮሌታውን የያዘው እጅ ላላ። ሲሞን ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ቢቆም ምን አለበት! ግን ያጠፋ ሰው ማካካስ ይቸኩላል። «ወንዶች! ግቡ!» አለ ሲሞን፣ ብረቱን እንደያዘ ቀድሞ ሮጠ። ሃያ ሰው ተከተለው። ቆርቆሮው እየተገነጠለ ወደቀ። «ጋሽ ዓምዴ! ጋሽ ዓምዴ!» የሚለው ጩኸት መንደሩን አናወጠው።

«አትሩጡ! አትጥሯቸው! ይሸሻሉ! በእግዚአብሔር ቁሙ!»

ማን ሰማው። ማቲዎስ እየተጋፋ ገባ። ሽማግሌው ከማዶ ታዩት፤ ከፈረሰው ቤት የቀረች አንዲት የግንብ ቁራጭ ፊት ቆመው፣ ባዶውን የቆጣሪ ሣጥን እያዩ ይጽፋሉ። ከኋላቸው አራት ሜትር የተቆፈረ መሠረት አለ፣ የዝናብ ውኃ የያዘ። ጩኸቱን ሲሰሙ ቀና አሉ። ብረት የያዘ ሰው ሲመጣባቸው አዩ፣ ከኋላው ሃያ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ተሸማቀቀ። ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ኋላ ተራመዱ። አንድ። ሁለት።

ማቲዎስ ከሁሉም ቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ውኃው ወገብ አይደርስም ነበር። ከሥሩ ግን ድንጋይና የቆመ ብረት ነበር። ጭንቅላታቸውን ክንዱ ላይ አድርጎ ደግፎ ያዛቸው። ከላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። አሁን ዝም አለ! ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩት። «ውሻውን ሳታስሩ...» አሉ፣ አልጨረሱትም። አምቡላንስ ሲደርስ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

ሰልስቱ ቅዳሜ ዋለ። ድንኳኑን የተከለው ሲሞን ነው፤ አግዳሚውን የደረደረው፣ ውኃ ያመላለሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተቀመጠው ሲሞን ነው። የመጀመሪያው ቀን ማቲዎስ እግር ላይ ወድቆ አልቅሷል። ማቲዎስም አንሥቶታል። ይቅርታ ለማድረግም ላለማድረግም ጉልበት አልነበረውም፤ ሰው መሬት ላይ ተደፍቶ ማየት ስላልቻለ ብቻ ነው ያነሣው። ፖሊስ መጥቶ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ተመልሶ እመጣለሁ ብሎ ሄዷል።

ከቀትር በኋላ ሲሞን ማቲዎስ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል። እጁን የማቲዎስ ጉልበት ላይ አሳረፈ። ሊያጽናና ነው፤ ክፋት የለበትም፣ አንዲት ጠብታ ክፋት የለበትም።

«ወንድሜ» አለው፣ «ለሳቸውም ዕረፍት ነው። አንተም ብዙ ተሠቃይተሃል። እንግዲህ ሙሉ ቀን ትሠራለህ። እንደ ሰው ትሆናለህ።»

ማዶ የተቀመጠው አቶ አብዱልሃኪም ራሱን ነቀነቀ። «ቦታህ አለ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሰኞ ጀምሮ። ሙሉ ቀን። ግማሽ የሚል ስም ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም።»

ዙሪያቸው ያሉት ወንዶች «እውነት ነው»፣ «አይዞህ»፣ «ትበረታለህ» አሉ። ማቲዎስ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አዞረ። ይህን ሁሉ አይተው፣ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ እስካሁን ሥራ ፈትቶ እንደኖረ ነው የሚያስቡት! ሊነሣ ፈለገ፣ አግዳሚውን ሊገለብጠው ፈለገ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘው እንጂ አልተነሣም።

«ሲሞን።»

ከሴቶቹ ወገን ነው ድምፁ የመጣው። ጽዮን ፍራሹ ላይ ከወይዘሮ አዳነች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ቀን ከለቅሶ በቀር ድምፅ አልወጣትም። አሁን ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም።

«ባሌ ግማሽ ቀን ሠርቶ አያውቅም» አለች። «ጠዋት መነጽር ይሠራል። ከሰዓት አባቴን ይጠብቅ ነበር። እናንተ ስትስቁበት፣ በራችን ላይ ስትጽፉበት፣ አንድም ቀን አንድ ሰዓት አልቀረም። አባቴ አእምሮውን ታሞ ነበር። ሁለት ዓመት። ስሜንም አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ አትናገር ያልኩት። የሰው ዓይን አሳፍሮኝ። ሐሙስም ስትደውሉልኝ ደህና ነው አልኳችሁ።» ትንፋሽ አጠራት። «እናንተ ግማሽ ሰው ስትሉት እኔ ሰምቼ ዝም እል ነበር። ከአባቴ ስም የእሱ ስም ይጥፋ ብዬ። ለቅሶ የመጣችሁ ሁሉ ይሄን ስሙና ሂዱ።»

ሲሞን እጁን ከማቲዎስ ጉልበት ላይ አነሣ፣ የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው። ወይዘሮ አዳነች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተነሥቶ የሄደ ማንም የለም።

ማቲዎስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሁለት ዓመት ይህን ቃል አንድ ሰው እንዲናገርለት ሲመኝ ኖሯል። ደስ አላለውም። ሐሙስ ዕለት ስልኩን እንዳነሣች ይህንኑ ተናግራ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ ጋሽ ዓምደሚካኤል ውቤ በረሃ የአንዱን በር ያንኳኩ ነበር። ይህን ያሰበው እሱ ብቻ አልነበረም። ጽዮን ስትናገር ሁሉ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፣ ይህንኑ እያሰበች እንደሆነ አወቀ፣ እስክትሞት ድረስም እንደምታስበው አወቀ።

ተነሣ። በወንዶቹ አግዳሚዎች መሐል አልፎ ወደ ሴቶቹ ወገን ሄደና ፍራሹ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።